የካኒስተር ፊልተር ያረጁ ክፍሎችን ዓሣዎቹን ሳይጎዱ መቀየር

ከአኳሪየሙ ስር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ውሃውን በቱቦ እየሳበ የሚያጣራው ካኒስተር ፊልተር ሲደክም ብዙ ሰው "ሞተሩ ተቃጥሏል" ብሎ አዲስ ፍለጋ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ደህና ነው። የደከመው አውራ ጣት የምታህል ኢምፔለር (እየዞረች ውሃውን የምትገፋው ባለ ክንፍ ማግኔት)፣ የክብሪት እንጨት የምታህል ዘንግ ወይም የተጨፈለቀ የጎማ ቀለበት ነው። ከዚህ የባሰ ስህተትም አለ፦ ፊልተሩ ከተከፈተ አይቀር ተብሎ ስፖንጁም ሴራሚኩም በአንድ ቀን ተጥሎ በአዲስ ይተካል። ውሃው ለጥቂት ቀን ኩልል ብሎ ይታያል፤ ሳምንት ሳይሞላ ዓሣዎቹ ውሃው ወለል ላይ እየወጡ አየር መጎንጨት ይጀምራሉ።

ምክንያቱ ፊልተሩ ውስጥ ከማሽኑ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር መኖሩ ነው። ዓሣ በስንጥቡ የሚያስወጣውን፣ ከተረፈ ምግብም የሚመነጨውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚቀይሩት ስፖንጁና ሴራሚኩ ላይ የተለጠፉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከባዶ ተነስተው እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ላለው ሥራ ሁሉ አንድ ደንብ ይያዙ፦ የማሽኑን ክፍል በቀየሩበት ቀን ሚዲያውን፣ ማለትም ስፖንጁንና ሴራሚኩን፣ አይቀይሩ። በመካከሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፍ።

ለምሳሌ የምንይዘው ኤሃይም ክላሲክ 2213ን ነው፤ እስከ 250 ሊትር ለሚደርስ አኳሪየም የተሠራ፣ በ8 ዋት በሰዓት 440 ሊትር የሚገፋ፣ ባለ 12/16 ሚሊሜትር ቱቦ ፊልተር ነው። የሌሎች ካኒስተሮች አሠራርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሳይከፍቱ መለካት

"ውሃው ቀንሷል" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በስንት እንደቀነሰ መታወቅ አለበት። ባለ 2 ሊትር ጆግና የስልክ ሰዓት ይበቃል። የመመለሻውን ቱቦ ጫፍ ከአኳሪየሙ የውሃ ወለል ጋር እኩል አድርገው ይያዙና ጆጉ እስኪሞላ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይቁጠሩ። 7200ን በሰከንዱ ሲያካፍሉ ፊልተሩ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋ ያገኛሉ። 24 ሰከንድ ከፈጀ 300 ሊትር፣ 48 ሰከንድ ከፈጀ 150 ሊትር ማለት ነው። የቱቦውን ጫፍ ከውሃው ወለል ዝቅ ካደረጉት ግን ውሃው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ የደከመው ፓምፕ ጤነኛ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ያገኙትን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አያወዳድሩ። የካርቶኑ ቁጥር ባብዛኛው ሚዲያ ሳይሞላ የተለካ ነው፤ ስፖንጁና ሴራሚኩ ሲገባ፣ ውሃውም አንድ ሜትር ወደ ላይ ሲገፋ መቀነሱ ያለ ነው። የሚጠቅመው ፊልተሩ በጸዳ ማግስት የራስዎን ፊልተር ለክቶ ቀኑንና ሰከንዱን ፕላስተር ላይ ጽፎ የሞተሩ ጭንቅላት፣ ማለትም ሞተሩን የያዘው የፊልተሩ የላይኛው ክፍል ላይ መለጠፍ ነው። ያኔ 24 የነበረው 32 ሲሆን ውሃው በሩብ ቀንሷል ማለት ነው፤ ምክንያቱን መፈለግ ይጀምሩ።

ፍለጋው ከቀላሉ ይጀምራል። መጀመሪያ የመምጠጫውን ወንፊት ይዩ፤ አንድ የበሰበሰ ቅጠል ብቻ ግማሹን ሊዘጋው ይችላል። ቀጥሎ ቱቦዎቹን በረጅም የቱቦ ብሩሽ ይጥረጉ። ውስጣቸው የሚለጠፈው ቡናማ ዝልግልግ ነገር 12 ሚሊሜትር የሆነውን የውስጥ ስፋት ወደ 9 ወይም 10 ያወርደዋል፣ ውሃውም በጣም ይቀንሳል። ከዚያ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ይለቅለቁና እንደገና ይለኩ። ሦስቱንም አድርገው ቁጥሩ ካልተመለሰ ያኔ ጥርጣሬው ወደ ኢምፔለሩ ይዞራል።

ድምፅም ይናገራል። ካካካ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ የተበላ ወይም የተሰበረ ዘንግ ነው። ሞተሩ እያንጎራጎረ ውሃ ካልመጣ ኢምፔለሩ ተይዟል፣ ወይም ክንፎቹ ከማግኔቱ ተላቀዋል። የመንቦጫረቅ ድምፅ አየር ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ቢሰማ ችግር የለውም፣ በየቀኑ ከተመላለሰ ግን በመምጠጫው በኩል የላላ ማያያዣ አለ። በዚያ በኩል ያለ ክፍተት ውሃ ከማንጠባጠቡ ይልቅ አየር ስለሚስብ በዓይን አይታይም። ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ጥምጥም አድርገው ይያዙ፤ ድምፁ የቆመበት ጊዜ የያዙት ማያያዣ ጥፋተኛው ነው።

መለዋወጫ ሲገዙ

በሞዴሉ ቁጥር ላይ ብቻ ተመሥርተው ኢምፔለር አይግዙ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አውሮፓ፣ እስራኤልና ዱባይም 50 ኸርዝ ናቸው። አሜሪካ ግን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ 60 ኸርዝ ነው። የእነዚህ ፊልተሮች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው፤ በ50 ኸርዝ በደቂቃ 3,000 ጊዜ፣ በ60 ኸርዝ 3,600 ጊዜ ይዞራል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አምራቾች፣ ኤሃይምም ጭምር፣ ለአንድ ሞዴል ሁለት ዓይነት ኢምፔለር ይሠራሉ፤ የክንፎቹ መጠን ይለያያል። ዘመድ ከአሜሪካ ኢምፔለር ሲያመጣልዎ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው ፊልተርዎ የአውሮፓው ከሆነ የተሳሳተው ሊደርስዎ ይችላል። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ፣ ቮልቱና ኸርዙ እንዲታይ አድርገው ፎቶ አንስተው ይላኩለት።

ከአሜሪካ ሙሉ ፊልተር የመጣላቸው ሰዎች ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝተው ይሰካሉ። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ሞተሩ በስድስተኛ እጅ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከተሠራበት በላይም ይሞቃል። ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ 220 ላይ ከተሰካ ደግሞ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል፤ የሞተሩ ጭንቅላት በሙጫ የታሸገ ስለሆነ ከፍቶ መጠገን አይቻልም።

ሲገዙ ኢምፔለሩን፣ ዘንጉን፣ የዘንጉን ሁለት የጎማ መቀመጫዎችና የጭንቅላቱን የጎማ ቀለበት አንድ ላይ ይግዙ። ዘንግ ተቀይሮ ጎማው አሮጌ ሆኖ ሲቀር ድምፁ በወር ውስጥ ይመለሳል። አንድ ትርፍ ዘንግ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም ይመከራል፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነውና።

መክፈት

ሁለት ባልዲ፣ ሳፋ፣ ፎጣ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ባለ ቀጭን አፍ ፒንሳ፣ ነጭ አቼቶና የሲሊኮን ግሪስ ያዘጋጁ። ባልዲዎቹ ሳሙናና በረኪና ነክቷቸው የማያውቁ፣ ለአኳሪየም ብቻ የሚያገለግሉ ይሁኑ።

ውሃ ውስጥ እጅ ከመግባቱ በፊት አኳሪየሙ ላይ ያለው ማናቸውም ነገር ከሶኬት ይነቀል፤ ማሞቂያውም ጭምር። ማሞቂያው ከውሃ በላይ ሊጋለጥ ከሆነ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይጥፋ፤ ሙቅ መስታወት አየር ላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል። ሁለቱን ቫልቮች ይዝጉ፣ ቱቦዎቹን ፎጣ ላይ አድርገው ያላቅቁ፣ ፊልተሩን ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡ። የአንደኛውን ባልዲ ግማሽ በአኳሪየም ውሃ ይሙሉና ሚዲያውን እዚያ ውስጥ ያቆዩት። ሥራው ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ባልዲው ውስጥ የአየር ድንጋይ (ከአየር ፓምፕ ጋር ተያይዞ አረፋ የሚያወጣውን) ይጨምሩ። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው የሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሱሉልታና የአዲስ አበባ አኳሪየም ከጅቡቲው ቀድሞ የሚታፈነው ለዚህ ነው፤ በሙቀቱ እኩል ከሆኑ ማለት ነው።

የሞተሩን ጭንቅላት አንስተው ይገልብጡ። የኢምፔለሩ ክዳን በአንዳንዱ ሞዴል እንደ ማሰሮ ክዳን ትንሽ ዞሮ ይላቀቃል፣ በሌላው በትንንሽ የፕላስቲክ ምላስ ተይዟል። የሚገጥምበት ምልክት የት እንደሆነ ፎቶ ያንሱ። በካቻቢቴ መፈልቀቅ ክዳኑን ይሰነጥቀዋል፤ እምቢ ካለ ለ10 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ይፍሰስበት።

ኢምፔለሩና ዘንጉ

ኢምፔለሩን በክንፎቹ ይዘው ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። ማግኔቱ ስለሚይዘው ትንሽ ይታገላል። ወደ ጎን ማዘንበል አይገባም፤ ዘንጉ ሴራሚክ ነው፣ ሴራሚክ አይጎብጥም፣ ይሰበራል። ከተሰበረና ቁራጩ ጉድጓዱ ውስጥ ከቀረ የፒንሳውን አፍ በቀጭን ጎማ ጠቅልለው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ብዙውን ጊዜ ከጎማ መቀመጫው ጋር አብሮ ይወጣል።

አሁን ብርሃን ያለበት ቦታ ይዘው ይውጡ። ይህ ትንሽ ዕቃ በቀን ከ4 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚዞር ስለሆነ የሚበላበት ቦታ በጥፍር ይታወቃል። ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥፍርዎ ያስኪዱት። ጥፍሩ መሃል ላይ ገባ ካለ ዘንጉ ወገብ አውጥቷል፣ ይቀየር። ዘንጉን ኢምፔለሩ ውስጥ አስገብተው ወደ ጎን ነቅነቅ ያድርጉ፤ አዲሱ ሊሰማ የማይችል ያህል ብቻ ይላወሳል፣ ያለቀው ቀጭ ቀጭ ይላል። አዲስ ዘንግ ገብቶም ቀጭ ካለ የተበላው የኢምፔለሩ ቀዳዳ ነው፤ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ።

የማግኔቱን ገጽ ዙሪያውን ይዩ። ቀለበት መሰል ጭረት ካለበት የጉድጓዱን ግድግዳ እየነካ ነበር ማለት ነው። ሽፋኑ የተሰነጠቀ ማግኔት ውሃ ገብቶበት ያብጣል፤ ያበጠውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው የሚመልሱ ሰዎች አሉ፣ እኛ አንመክርም። ሽፋኑ ከተነሳ ውሃው በየቀኑ ይበላዋል፣ ፍርፋሪው አኳሪየሙ ውስጥ ይገባል፣ ከወር በኋላ ደግሞ እንደገና ተይዞ ይቆማል።

ክንፎቹ ከማግኔቱ ተለይተው ግማሽ ዙር ያህል በነጻ ቢላወሱ ተሰብሯል ብለው አይጣሉት። በብዙ ሞዴሎች ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ልቅ ቦታ ነው። ሞተሩ ደካማ ስለሆነ ማግኔቱ መጀመሪያ ብቻውን ዞር ብሎ ጉልበት ይይዛል፣ ከዚያ ክንፎቹን መትቶ ይዟቸው ይሄዳል። ክንፎቹ ያለ ገደብ ሙሉ ዙር የሚዞሩ ከሆነ ግን መያዣው ተበልቷል፤ ያ ነው የሚጣለው። ይህ ዓይነት ሞተር በየትኛውም አቅጣጫ ሊነሳ ይችላል። የታጠፈ ክንፍ ያላቸው ሞዴሎች ወደ ኋላ እንዳይዞሩ የሚያግድ ትንሽ ጉብታ አላቸው፤ እሷ ስታልቅ ፊልተሩ አንዳንዴ በደንብ፣ አንዳንዴ በደካማው ይነሳል። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር የውሃው ኃይል የሚለያይ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

ጉድጓዱን በቀጭን ብሩሽና በጆሮ ጥጥ ያጽዱ፤ ታች ያለውን የጎማ መቀመጫ እንዳያጡት። ነጭ ድንጋይ መሰል ነገር ከተለጠፈ ኖራ ነው። ድሬዳዋን በመሰሉ ውሃቸው ከባድ በሆነ ከተሞች በየጥቂት ወሩ ይጠበቃል። አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ደባልቀው ጉድጓዱ ውስጥ ይሙሉ፣ ዘንጉንም ይንከሩ፣ 30 ደቂቃ ቆይቶ ይቦርሹና በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። የጎማ ክፍሎቹን አቼቶ ውስጥ አይተዉ። አቼቶን ከበረኪና ጋር በፍጹም አይደባልቁ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ማግኔቱ ላይ ጥቁር ዱቄት መሰል አሸዋ ተለጥፎ ከተገኘ የመጣው ከአኳሪየሙ ወለል ነው። የወንዝ አሸዋ ብዙ ጊዜ ብረት ያለው ጥቁር ቅንጣት አለበት፣ ማግኔቱ ስቦ ይሰበስበዋል፣ እንደ ሞረድም ጉድጓዱን ይበላል። አሸዋ ከማስገባትዎ በፊት ደረቁን ዘርግተው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ማግኔት በላዩ ላይ ያንሸራትቱ። ጥቁር ጢም ካበቀለ አሸዋው አይሆንም፣ ወይም እስኪያልቅ መልቀም ነው።

ሲገጥሙ የጎማ መቀመጫዎቹን በውሃ ብቻ ያርጥቧቸው። የታችኛው መጀመሪያ፣ ከዚያ ዘንጉ ከኢምፔለሩ ጋር፣ በመጨረሻ የላይኛው ጎማና ክዳኑ ይገባሉ። ከክዳኑ በኋላ በጣት ሲያዞሩት በማግኔቱ ጉተታ እየተሳበ ቁም ቁም እያለ መዞር አለበት። ጭራሽ ካልዞረ አንደኛው ጎማ ጠሟል።

የጭንቅላቱ ጎማ ቀለበት

ቤት የሚያጥለቀልቀው ይህ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ትንሹ ነው። ኦሪንግ የሚባለውን ይህን ቀለበት ከቦዩ አውጥተው በጣትዎ መሃል ቀስ እያሉ ያሽከርክሩት። ጤነኛው ድቡልቡል ነው። ያረጀው ላይና ታቹ ጠፍጥፎ ጠርዝ አውጥቷል፤ ትንሽ ሲለጥጡት ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ይከፍታል። አንዱ ምልክት ከታየ ይቀየር። ፊልተሩ ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች ይበልጥ ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ማሰሪያውን ይሰብራል እንጂ ያለቀ ጎማ አይመልስም።

ቦዩን በጆሮ ጥጥ ዙሪያውን ያጽዱ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወይም የአንድ ክር ውፍረት ያለው ሣር በየ10 ሰከንዱ አንድ ጠብታ ለማሳለፍ ይበቃል። አዲሱን ቀለበት ሳይጠመዘዝ ያስገቡና የሲሊኮን ግሪስ ስስ አድርገው ይቀቡት፤ ምስር የሚያህል ለሙሉ ዙሩ ይበቃል። ቫዝሊን አይጠቀሙ። ከነዳጅ ዘር ስለሆነ ብዙ ዓይነት ጎማ ያሳብጣል፤ ዛሬ ያንሸራትትልዎታል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ቀለበቱ ሰፍቶ ከቦዩ ይወጣል። ዘይትና ቅቤም እንደዚሁ ናቸው። ግሪሱ ለመጠጥ ውሃ ዕቃ የሚሆን ንጹሕ ሲሊኮን ይሁን።

ኦሪጅናሉ ካልተገኘ ከመለዋወጫ ሱቅ ተመሳሳይ ለማግኘት አሮጌውን ቀለበት አይለኩ፤ ተለጥጧል። የሚለካው ቦዩ ነው፦ ዙሪያውና ስፋቱ። የአንዳንድ ፊልተር ማኅተም ግን ድቡልቡል ሳይሆን ከንፈር ያለው ልዩ ቅርጽ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ምትክ አይፈለግለትም፣ የራሱ ብቻ ነው። ክፍተቱን በመስታወት ሲሊኮን መሙላትም አይሆንም፤ ቀጣዩን ጽዳት ያለ መስበር መክፈት አይችሉም።

ቱቦና ቫልቭ

12/16 ማለት ውስጡ 12፣ ውጭው 16 ሚሊሜትር ማለት ነው። ጫፉ ደርቆ የላላ ቱቦ ርዝመቱ ከተረፈ 3 ሴንቲሜትር ተቆርጦ እንደ አዲስ ይሰካል። ለመሰካት ጫፉን ለአንድ ደቂቃ ትኩስ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ የፈላ አያስፈልግም። የግንበኛ ውሃ ልክ ቱቦ ግድግዳው ስስ ስለሆነ በመታጠፊያው ላይ ይጣበቃል፤ በመመለሻው በኩል ቢያልፍ እንኳ በመምጠጫው በኩል አይሁን። የቫልቮቹ ውስጥ ትንንሽ ኦሪንጎች አሉ፤ ከጭንቅላቱ ቀለበት ጋር በአንድ ጊዜ አውጥተው ይዩአቸው።

የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ከተሰነጠቀ በናስትሮ ጠቅልሎ መቀጠል የለም። ጭንቅላቱ ሙሉ ይቀየራል።

ክፍሉ እስኪመጣ

መለዋወጫው ከውጭ በሰው የሚመጣ ከሆነ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ሚዲያውን በመረብ ከረጢት አድርገው አኳሪየሙ ውስጥ ያንጠልጥሉ፣ ከሥሩ የአየር ድንጋይ ያድርጉ፣ ምግቡን በግማሽ ይቀንሱ። ሚዲያውን ደረቅ ወይም በተዘጋ ፊልተር ውስጥ ማስቀመጥ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣም ይኸው ነው፦ ፊልተሩ ውስጥ ተዘግቶ የቆየው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ይሸታል። በራሱ ተነስቶ ወደ ዓሣዎቹ እንዳይገፋው መብራቱ እንደጠፋ ስፒናውን ነቅለው ያቆዩ፤ ሲመጣ ያንን ውሃ ደፍተው፣ ሚዲያውን በአኳሪየም ውሃ ለቅለቅ አድርገው ያስነሱ።

ሚዲያው መቼ ይቀየራል

ሰማያዊው ሻካራ ስፖንጅ ሲጨብጡት ወደ ቅርጹ የሚመለስ እስከሆነ ድረስ ዓመታት ያገለግላል። ተጨብጦ ከቀረ ወይም እጅ ላይ ከፈረፈረ ግማሹን ይቁረጡና በአዲስ ይተኩ፣ ሌላውን ግማሽ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ። ሴራሚክ ቀለበቶች አይበሰብሱም፤ ቀዳዳቸው በዝልግልግ ነገር ከተደፈነና በመለቅለቅ ካልተመለሱ ሲሶውን ብቻ ይቀይሩ። ነጩ ስስ ጥጥ መሰል ንጣፍ ግን በየወሩ የሚጣል ነው። በእሱ ምትክ ለትራስ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ፋይበር ሽታ የሌለውና ምንም ያልተነከረ ከሆነ ይሠራል። እውነተኛ ጥጥ አይሆንም፣ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። የከሰል ሚዲያ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ሥራው ያበቃል፤ መድኃኒት ወይም ቀለም ከውሃ ለማውጣት ካልሆነ በቀር ባይኖርም ችግር የለውም።

ሁሉም የሚለቀለቀው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድላል። በክሎሪን ብቻ የታከመ ውሃ በክፍት ባልዲ 24 ሰዓት ከቆየ ክሎሪኑ ይተናል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላሉ ግን ይህ አይሠራም፤ የከተማው ውሃ ብዙውን የዓመቱን ጊዜ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ ክሎራሚን ደግሞ በማሳደር አይወጣም። የውሃ ማከሚያ ጠብታ የግድ ነው።

ማስነሳትና የመጀመሪያዋ ሌሊት

ፊልተሩን ቀድመው በአኳሪየም ውሃ ይሙሉት፤ ይህ ዓይነት ሞተር የሚቀዘቅዘውና ዘንጉም የሚለሰልሰው በውሃው ስለሆነ ደርቆ ከዞረ በደቂቃዎች ይጎዳል። ጭንቅላቱን ሲገጥሙ ትይዩ ማሰሪያዎችን በጥንድ ይዝጉ፤ በአንድ ወገን መጀመር ቀለበቱን ይገፋዋል። የመምጠጫውን ቫልቭ ይክፈቱ፣ ቀጥለው ሁለተኛውን ቫልቭ ይክፈቱ፣ ውሃው ሞልቶ በመመለሻው ቱቦ ሲወጣ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሶኬት ውስጥ ይሰኩ። ፊልተሩን ወደ ግራና ቀኝ ዘንበል ዘንበል ሲያደርጉት የታመቀው አየር ይወጣል። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ መውጣቱን ያረጋግጡ፤ ውሃ ቢንጠባጠብ በእጥፋቱ ላይ ይወርዳል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ፊልተሩ ሳፋ ውስጥ ይደር። የጭንቅላቱን መገጣጠሚያ ዙሪያውን በደረቅ ሶፍት ይጠምጥሙት፤ ጠዋት የት ጋ እንደራሰ ማየት ፍሳሹን ከመገመት ያድናል። ጆጉን ይዘው አዲሱን ሰከንድ ይለኩና ፕላስተሩ ላይ ይጻፉ።

ለሁለት ሳምንት በየሁለት ቀኑ አሞኒያና ናይትራይት ይመርምሩ። የማሽኑ ክፍል ብቻ ከተቀየረ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። አንዳቸው 0.5 ሚሊግራም በሊትር ከደረሱ የውሃውን ከ25 እስከ 30 በመቶ በታከመ ውሃ ይቀይሩ፣ ለአንድ ቀን ምግብ አይስጡ፣ በማግስቱ እንደገና ይመርምሩ። ሁለት ሳምንቱ በዜሮ ካለፈና ስፖንጁ ተራው ደርሶ ከሆነ የመጀመሪያውን ግማሽ ያኔ መቁረጥ ይቻላል።